የጨረቃውን አውቆ የእግሩን ሥር የሳተ ሰው

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ለጥ ባለ በረሃ መሀል አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለ። ስፋቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 170 ሜትር ገደማ ነው። አፉን የከበበው ድንጋይ ከሜዳው ከፍ ብሎ ተቆልሏል። በአካባቢውም ከሰማይ የወረደ መሆኑ የተረጋገጠ የብረት ስብርባሪ ተበትኖ ይገኛል። ዛሬ ቦታውን የሚጎበኝ ሰው ጉድጓዱንና ብረቱን አያይዞ፣ ከሰማይ የወደቀ ነገር ነው የቆፈረው ለማለት ብዙም አይቸገርም። በ1891 ቦታውን በጥንቃቄ መርምሮ “አይደለም” ያለው ሰው ግን ከዘመኑ ምርጥ የመሬት ሳይንስ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ግሮቭ ካርል ጊልበርት ይባላል። በወቅቱ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ጂኦሎጂስት ነበር። ካርታ በመሥራትና በመለካት የታወቀውን ያህል፣ ሳይንቲስት እንዴት ማሰብ አለበት በሚለው ጥያቄም አጥብቆ ይጨነቅ ነበር። በ1886 ባሳተመው ንግግሩ፣ ተመራማሪ አንድ መላምት ብቻ ታቅፎ ማስረጃ ፍለጋ መውጣት እንደሌለበት አስተምሯል። ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ሁሉ ይደርድር፤ ለእያንዳንዱም “ይህ እውነት ከሆነ ሜዳ ላይ ምን ማየት አለብኝ?” ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያ ሄዶ ይይ። ሌላው አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት ቶማስ ቻምበርሊን ይህንኑ ሐሳብ በ1890 አስፍቶ ጻፈው። የእሱን ጽሑፍ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ዛሬም ያነቡታል።

ጊልበርት ወደ አሪዞና የሄደው ሁለት መላምት ይዞ ነው። አንደኛው ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ ብረት ጉድጓዱን ቆፈረው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመሬት በታች የታመቀ እንፋሎት ፈንድቶ አለቱን ወደ ላይ በተነው ይላል። ሁለተኛውም ቢሆን ከባዶ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ በዚያ አካባቢ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች በብዛት አሉ። የጊልበርት ልብ ያዘነበለው ግን ወደ መጀመሪያው ነበር። ዝንባሌውን ስለሚያውቀው ሊጥለው የሚችል ፈተና አዘጋጀለት። ጉድጓዱን የቆፈረው ብረት ከሆነ እዚያው ሥር ተቀብሮ መገኘት አለበት። ያን ያህል ብረት ከተቀበረ ደግሞ የማግኔት መርፌን ይስባል። በዚያ ላይ ብረቱ የጉድጓዱን የተወሰነ ቦታ ስለሚይዝ፣ ጠርዙ ላይ የተቆለለው ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ቢመለስ ሞልቶ መትረፍ ነበረበት።

ሁለቱንም ለካ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። የተቆለለው ድንጋይ መጠንና የጉድጓዱ ይዘትም እኩል ለእኩል ወጡ። ስለዚህ ጊልበርት የወደደውን መላምት ጥሎ፣ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው ሲል ደመደመ። ብረቱስ? በአጋጣሚ እዚያው የወደቀ ነው ከማለት በቀር መውጫ አልነበረውም፤ እንዲያም አለ።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ ነገር አለ። ስለ አድልዎ ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምናስበው የሚፈልገውን መልስ ለማግኘት ማስረጃ የሚያጣምም ሰው ነው። ጊልበርት ተቃራኒውን አደረገ። የሚፈልገውን መልስ ለይቶ አወቀ፣ ተጠነቀቀው፣ በልኬት ፈትኖ ጣለው። እንዲህም ሆኖ ተሳሳተ። ስህተቱ በልኬቱ ላይ አልነበረም፤ ልኬቱ ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው ፈተናው በቆመበት፣ ማንም ባልጠየቀው አንድ ግምት ላይ ነው፦ ይህን የሚያህል ጉድጓድ የሚቆፍር ነገር ራሱም ግዙፍ መሆን አለበት፣ ከወደቀም በኋላ እንዳለ እዚያው ይቀመጣል የሚለው።

ድንጋይ ጭቃ ውስጥ ስንወረውር የምናየው ይህንኑ ነው። ከጠፈር የሚመጣ ነገር ግን በሴኮንድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ጋር በእኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መሬት ይህን ጉልበት ከዓይን ቅጽበት ባነሰ ጊዜ ስትገታው ነገሩ መወጋት መሆኑ ቀርቶ ፍንዳታ ይሆናል። የአሪዞናውን ጉድጓድ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት የቆፈረው ብረት ስፋቱ ወደ 50 ሜትር ብቻ እንደነበር ይገመታል። አብዛኛው ቀልጧል፣ ተንኗል፣ ተበትኗል። ስለዚህ ሥሩ የሚስብ ብረት አለመኖሩና የድንጋዩ መጠን እኩል መሆኑ ለሰማዩ ብረትም ልክ የሚጠበቅ ውጤት ነው። ፈተናው ሁለቱን መላምቶች የሚለይ መስሎ ሳይለያቸው ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1892፣ ጊልበርት በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ታዛቢ ጣቢያ ቴሌስኮፕ ጨረቃን 18 ሌሊት ተመለከተ። የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሌሊቱን ጨረቃ ላይ አፍጥጦ ማደሩ ያላስደሰተው አንድ የምክር ቤት አባል፣ ይህ መሥሪያ ቤት ሥራ አጥቷል ማለት ነው ብሎ እንደተሳለቀ ይነገራል። በዚያን ጊዜ የጨረቃ ጉድጓዶች የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው የሚለው እምነት የበላይነት ነበረው። ለዚህም ምክንያት ነበረው፤ የሰው ልጅ በምድር ላይ የሚያውቀው ክብ ጉድጓድ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ሌላ ዓይነት መኖሩን ማንም አላረጋገጠም ነበር። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ናስሚዝና ባልደረባው ጄምስ ካርፔንተር በ1874 ባሳተሙት ስለ ጨረቃ የሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ያሉት አስደናቂ ፎቶዎች እንኳ የጨረቃ አልነበሩም። በጄሶ የተሠሩ ሞዴሎችን ከጎን በመጣ ብርሃን ያነሷቸው ናቸው። አንባቢው ያየው ጨረቃን ሳይሆን ናስሚዝ ጨረቃን የተረዳበትን መንገድ ነበር።

ጊልበርት ግን ቅርጹን በልኬት ያዘው። የምድር እሳተ ገሞራ አፍ ብዙውን ጊዜ ተራራ አናት ላይ ይቀመጣል፤ የጨረቃ ጉድጓዶች ወለል ግን በዙሪያው ካለው ሜዳ ዝቅ ያለ ነው። መጠናቸውም ምድር ላይ ከሚታወቅ ማናቸውም እሳተ ገሞራ አፍ እጅግ ይበልጣል። ማሬ ኢምብሪየም ከተባለው ግዙፍ ጥቁር ሜዳ ዙሪያ ደግሞ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተዘረጉ ጭረቶች አየ፤ ከአንድ ማዕከል የፈነጠቀ ነገር የቦጨቃቸው ይመስላሉ። በ1893 ባሳተመው ጥናት የጨረቃ ጉድጓዶች ከላይ በወደቁ ነገሮች የተቆፈሩ ናቸው አለ። ትክክል ነበር።

እንግዲህ በ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን ያወቀ ሰው ቆሞ የረገጠውን አላወቀም። ነገሩ የበለጠ የሚያስደንቀው ያው የተደበቀ ግምት በጨረቃም ጉዳይ ተከትሎት መምጣቱን ሲያዩ ነው። ጭቃ ላይ ነገር እየወረወረ ሲሞክር፣ ዘመም ብሎ የገባ ሁሉ ሞላላ ጉድጓድ አወጣ። የጨረቃ ጉድጓዶች ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ክብ ናቸው። ከሰማይ የሚመጣ ድንጋይ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ጊልበርት ድሮ በምድር ዙሪያ የጥቃቅን ጨረቃዎች ቀለበት ነበረ፣ እነሱ ናቸው ቀጥ ብለው የወደቁት የሚል ማብራሪያ ለመፍጠር ተገደደ። ፍንዳታ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ክብ ጉድጓድ እንደሚያወጣ ኢስቶኒያዊው ኧርንስት ኧፒክ በ1916፣ የኒውዚላንዱ አልጀርነን ጊፈርድ ደግሞ በ1924 አስረዱ። ሰሚ ግን ብዙም አላገኙም።

የአሪዞናው ጉድጓድ ታሪክ በዚህ አላበቃም። የማዕድን መሐንዲሱ ዳንኤል ባሪንጀር ከ1903 ጀምሮ ቦታውን ይዞ፣ የሰማይ ብረት እንደቆፈረው አጥብቆ ተከራከረ። በዋናው ነገር ትክክል ነበር። ግን የተቀበረውን ብረት አውጥቶ ለመሸጥ ገንዘብ አፍስሷል፤ ስለዚህ ብረቱ እዚያው እንዳለ ማመን ነበረበት። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆፈረ። በ1929 የሥነ ፈለክ ሊቁ ፎረስት ሬይ ሞልተን ጉልበቱን አስልቶ፣ ብረቱ ከታሰበው እጅግ ትንሽ እንደነበርና እንደፈነዳ አሳየ። ባሪንጀር በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። ጊልበርትና ባሪንጀር በመልሱ ባይስማሙም አንዱን ግምት ተጋርተውት ነበር፤ ተከራካሪዎች ሁለቱም ወገን የተስማሙበትን ነገር መርምረው አያውቁም።

መቋጫው የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። በ1950ዎቹ ወጣቱ ጂኦሎጂስት ዩጂን ሹሜከር በኔቫዳ በረሃ የኑክሌር ሙከራ የቆፈራቸውን ጉድጓዶች አጠና። የአለቱ ንብርብር ጠርዙ ላይ ተገልብጦ መተኛቱን አየና አሪዞና ላይ ካለው ጋር አስተያየው። በ1960 እሱና ባልደረቦቹ ከአሪዞናው ጉድጓድ አለት ውስጥ ኮሰይት የተባለ ማዕድን አገኙ። ኮሰይት ከአሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ የሚፈጠረው ግን እሳተ ገሞራ በምድር ገጽ ላይ ሊያመጣው በማይችል ግፊት ነው። ፈተና ማለት ይህ ነው፤ አንዱ መላምት ሊያስገኘው የሚችል፣ ሌላው ግን ፈጽሞ የማይችል ነገር። ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲባል የኖረው ሪስ የተባለው 24 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ በዚሁ ማዕድን ማንነቱ ታወቀ። በውስጡ ያለችው የኖርድሊንገን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የታነጸችው ከሰማይ በወደቀው ነገር ምት ከተፈጠረው አለት ነው።

እዚህ ላይ ትምህርቱ የተቀሰመ ይመስል ነበር። በሚያዝያ 1972 አፖሎ 16 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነገር ታየ። የማረፊያው ሥፍራ ዴካርት የተባለው ከፍታ የተመረጠው ከላይ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ለስላሳ የሆነው ሜዳ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ውጤት፣ ጉብታዎቹም ወፍራም ቅልጥ አለት የፈጠራቸው ናቸው ተብለው ተተርጉመው ነበር። ጠፈርተኞቹ ጆን ያንግና ቻርልስ ዱክ ተራምደው ሲያዩት የእሳተ ገሞራ አለት አጡ። ያነሱት ሁሉ ማለት ይቻላል በምት ተሰባብሮ እንደገና የተጣበቀ ስብርባሪ ነበር። ለስላሳው ሜዳ የተሠራው ከሩቅ ግዙፍ ምቶች ተፈናጥሮ በመጣ ፍርስራሽ ነው። ባለሙያዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ለስላሳና ጠፍጣፋ ከሆነ ፈስሷል ማለት ነው ብለው የምድር ልምዳቸውን ይዘው ወጡ እንጂ። በሩቅ የሚታይ ቅርጽ ብቻውን ስንት ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ያን ያህል ግልጽ አድርጎ ያሳየ ጉዞ የለም።

ወደ ማርስ ስንሻገር መጀመሪያ የሚነሳው የመስመሮቹ ታሪክ ነው፤ ብዙ ስለተወራበት በአጭሩ ልለፈው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በ1877 ማርስ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየ። አሜሪካዊው ባለጸጋ ፐርሲቫል ሎዌል መስመሮቹን የመስኖ ቦዮች ናቸው አለና በአሪዞና የራሱን ታዛቢ ጣቢያ ሠርቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሳለ። ሎዌልን እንደ ሞኝ የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይሰለቹኛል፤ ዓይኑ እንደ ማንኛችንም ዓይን ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ኤድዋርድ ዋልተር ማውንደር በግሪኒች የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቦ ነጠብጣብና ብዥ ያሉ ጥላዎች ብቻ ያሉበትን ሥዕል ከሩቅ አሳያቸው፤ ውጤቱም በ1903 ወጣ። መስመር በሌለበት ሥዕል ላይ ልጆቹ መስመር ሳሉ። ስለ ማርስ የሚያውቁት ነገር፣ የሚከላከሉትም እምነት አልነበራቸውም። ዓይን የማየት አቅሙ ዳርቻ ላይ ሲደርስ የተበታተነውን ነጥብ ያያይዛል። የሥነ ፈለክ ባለሙያው ዩጂን አንቶኒያዲ በ1909 ፓሪስ አጠገብ ባለው የሙዶን ትልቅ ቴሌስኮፕ ሲያይ መስመሮቹ ወደ ተበታተኑ ጠባሳዎች ተለወጡ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ አባቶቻችን። የመስመሮቹ ችግር የዚህ ግልባጭ ነበር፤ ዓይን ያላየውን ልብ አየ።

መንኮራኩር መላክ ችግሩን ይፈታዋል ብሎ መጠበቅ ተፈጥሯዊ ነው። ማሪነር 4 በሐምሌ 1965 የማርስን ገጽ ከቅርብ ሲያነሳ የታየው በጉድጓድ የተበሳሳ፣ ጨረቃን የመሰለ ምድር ነበር። ማርስ የሞተች ዓለም ናት የሚለው ድምዳሜ ወዲያው ተስፋፋ። ሆኖም የተነሳው ክፍል ከፕላኔቷ ገጽ አንድ በመቶ ገደማ ነበር። ማሪነር 9 በኅዳር 1971 ሲደርስ መላ ማርስ በአቧራ ተሸፍና ነበር። አቧራው ሲረግብ መጀመሪያ የወጡት አራት ጥቁር ነጥቦች የግዙፍ እሳተ ገሞራዎች አናት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ኦሊምፐስ ሞንስ፣ ከፍታው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም ጥንት ውሃ የቦረቦራቸው የሚመስሉ ሸለቆዎች ታዩ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አልዋሹም፤ አንዱ ጥግ ስለ መላው አገር እንዲመሰክር መደረጉ ነው ያሳሳተው።

አሁን አንባቢ ራሱ ሊሞክረው የሚችለውን ነገር ልንገር። የጨረቃ ጉድጓድ ያለበትን ፎቶ ከኢንተርኔት ያውርዱና ገልብጠው ይዩት። ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ጉብታ ሆኖ ይታያል። አእምሯችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ይቆጥራል፤ ፀሐይ ሁልጊዜ ከላይ ናትና። የፕላኔት ፎቶ ላይ ግን ብርሃኑ ከታች በኩል ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች የፀሐይዋን አቅጣጫ ሳያውቁ ፎቶ መተርጎም የማይፈልጉት፤ ለዚህም ነው ከፍታን በሌዘር የሚለካ መሣሪያ ወደ ማርስ የተላከው። ቫይኪንግ 1 በሐምሌ 1976 ያነሳው ዝነኛው “የማርስ ፊት” የዚሁ ዘመድ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ በጣለችው ጥላ አንድ ኮረብታ የሰው ፊት መሰለ። አፍንጫው ላይ ቀዳዳ መስሎ የታየው ጥቁር ነጥብማ በመረጃ ቅብብሉ ወቅት የጠፋ የፎቶው ክፍል ነበር። በ1998 እና በ2001 በተሻለ ካሜራ ሲነሳ ኮረብታ ሆኖ አረፈው።

እንዲህ ያሉት ስህተቶች ከካሜራ ጋር አብረው ያረጁ ይመስላል። አላረጁም። ከቅርብ ጊዜ ታሪኮች ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምረው የማርስ ጥቁር ጭረቶች ጉዳይ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

በ2011 በማርስ ዙሪያ ከምትዞረው ሪኮኔይሰንስ ኦርቢተር የተገኙ ፎቶዎች በገደላማ ቁልቁለቶች ላይ የሚወርዱ ቀጫጭን ጥቁር ጭረቶችን አሳዩ። ስፋታቸው ቢበዛ አምስት ሜትር ያህል ነው። ሞቃት ወቅት ሲመጣ ብቅ ይሉና ይረዝማሉ፣ ብርድ ሲሆን ይደበዝዛሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ይመለሳሉ። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ውሃ ነው። ናሳም የማርስ ፕሮግራሙን ለዓመታት የመራው ውሃን ተከተል በሚል መርህ ነበርና ጥያቄው ራሱ ወደዚያው የተዘጋጀ ነበር። በመስከረም 2015 ከጭረቶቹ በተንጸባረቀ ብርሃን ውስጥ ውሃ የያዘ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው ምልክት መገኘቱ ተነገረ። ጨው ውሃን በብርድም ሳይረጋ ያቆየዋል። ናሳ ዛሬም ማርስ ላይ ፈሳሽ ውሃ እንደሚፈስ ጠንካራ ማስረጃ ተገኘ ብሎ አወጀ፣ ዜናውም ዓለምን አዳረሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ኮሊን ደንዳስና ባልደረቦቹ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ጭረቶቹ የት ይጀምራሉ ሳይሆን የት ላይ ያቆማሉ? በአሥር ሥፍራዎች 151 ጭረቶችን ለኩ። እህል ከማዳበሪያ ሲፈስ ክምሩ ጎኑ የተወሰነ ዝንባሌ ላይ ሲደርስ መንሸራተቱን እንደሚያቆም፣ ደረቅ አሸዋም የራሱ የማቆሚያ ዝንባሌ አለው። ጭረቶቹ የሚያቆሙት ልክ እዚያ ላይ፣ ከ27 ዲግሪ ባላነሰ ቁልቁለት ነው። ውሃ ቢሆን ኖሮ ወደ ለጥ ያለውም ቦታ መፍሰሱን በቀጠለ ነበር። አሁን አብዛኞቹ ባለሙያዎች የሚያደሉት ደረቅ አሸዋ ሲንሸራተት ነው ወደሚለው ነው፤ ለምን ወቅት ጠብቆ እንደሚመለስ ግን ገና እያከራከረ ነው።

የጨው ምልክቱስ? በ2018 የወጣ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳየ። ከመሣሪያው የሚመጣውን መረጃ ከጫጫታ የሚያጸዳው የኮምፒውተር ሥራ፣ በአንዳንድ ቦታ ልክ የፐርክሎሬትን ምልክት የሚመስል ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። ምልክቱ ጭረት በሌለበትም ሥፍራ ይገኛል። በዚያ ላይ መሣሪያው በአንድ ነጥብ የሚያየው ቦታ 18 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከጭረቱ ይሰፋል። እዚህ ማንም መረጃ አላጣመመም። ጊልበርት አጠገብ ተቀምጦ እንደነበረው ያለ ሌላ ያልተጠየቀ ግምት፣ ይኸውም ያጸዳነው መረጃ ንጹሕ ነው የሚለው፣ በኮምፒውተር ውስጥ አድፍጦ ነበር።

የጉድጓድ ቆጠራም ከዚህ አይርቅም። የአንድ ፕላኔት ገጽ ዕድሜ የሚገመተው በላዩ ያሉትን የምት ጉድጓዶች በመቁጠር ነው፤ ብዙ ጉድጓድ ያለበት ያረጀ ነው። ነገር ግን ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ያንኑ የጨረቃ ፎቶ ሲቆጥሩ እርስ በርስ እንደሚለያዩ፣ የተራ በጎ ፈቃደኞች ቆጠራ አማካይ ደግሞ ከእነሱ እንደማይርቅ በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የተሸረሸረ ጉድጓድ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? እዚያ ላይ ሰው ከሰው ይለያል። ዛሬ ቆጠራውን ለኮምፒውተር መስጠት ተለምዷል። ኮምፒውተሩ ግን መቁጠር የተማረው ከሰው ቆጠራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ እኛው አገር ብንመለስ ምክንያት አለን። በአፋር ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ሥፍራ፣ አሲዱ፣ ጨውና ሙቀቱ ተደምሮ ከጥንቷ ማርስ ጋር ለማነጻጸር ሳይንቲስቶችን ይስባል። ሕይወት በዚያ ካለ ማርስ ላይም ነበረ ለማለት ድፍረት ይሰጣል። በ2019 ሁለት ቡድኖች በወራት ልዩነት ውጤታቸውን አሳተሙ። በግንቦት በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራው ቡድን እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በጥቅምት በፈረንሳይ የሚገኘው የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን፣ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ሁለተኛው ቡድን ያሳየው ሌላው ነገር፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ማዕድን ራሱ ተሕዋስ የሚመስል ድቡልቡል ቅንጣት እንደሚሠራ ነው። በአጉሊ መነጽር ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ከውጭ የመጣ ዘረ መል ናሙና ውስጥ እንዳይገባም ጥንቃቄው ከባድ ነው፤ ቦታው የቱሪስት መዳረሻ ነውና። በ1996 ከማርስ በመጣ አለት ውስጥ ትል የሚመስል ቅርጽ ታየ ተብሎ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት እስከ መናገር የደረሱበትን ጉዳይ ያስታወሰ ሰው የዳሎሉን ክርክር በትዕግሥት ይከታተላል።

ተመሳሳዩ ጥያቄ አሁን ማርስ ላይ ተከፍቷል። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2024 ጄዜሮ ጉድጓድ አካባቢ፣ በጥንት ወንዝ ሸለቆ፣ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ያለበት አለት አገኘች። በነጠብጣቦቹ ውስጥ ቪቪያናይትና ግሬጋይት የተባሉ የብረት ማዕድናት እንዳሉ የሚያመለክት መረጃ አለ። ምድር ላይ እነዚህን ማዕድናት ተሕዋስያን ይሠሯቸዋል፤ ያለ ተሕዋስያንም ሊፈጠሩ ይችላሉ፣ በተለይ ሙቀት ሲኖር፤ አለቱ ግን ያን ያህል የጋለ አይመስልም። በመስከረም 2025 ጥናቱ ሲታተም ተመራማሪዎቹ የመረጡት ቃል “ሕይወት ተገኘ” ሳይሆን “የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል” የሚል ነው። ቀጣዩ ፈተና በማዕድናቱ ውስጥ ያሉትን የብረትና የድኝ አይሶቶፖች (በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) መመጣጠን መለካት ነው፤ ተሕዋስያን ቀላሉን ዓይነት የመምረጥ ልማድ አላቸውና። ያ ልኬት የተሽከርካሪዋ መሣሪያዎች አቅም አይደለም፤ ምድር ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ከአለቱ የተቆፈረው ናሙና ለዚሁ ታስቦ በቱቦ ታሽጓል።